ገንዘቡ ተርፎ ቃሉ ሲጎድል፦ ለወረርሽኝ ጊዜ የጉዞ ኢንሹራንስ አመራረጥ

በመጋቢት 2014 አንድ ጓደኛዬ ዕቃ ሊያመጣ ከጎንደር ወደ ባንኮክ ተነሳ። ታይላንድ በዚያ ወር ከውጭ ከሚገባ ሰው ቢያንስ 20,000 ዶላር የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ትጠይቅ ነበር። እሱ የገዛው 50,000 የሚል ነው። ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ሁላችንም አልተጨነቅንም። የመግቢያ ማመልከቻው ግን ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ ኮቪድ የሚል ቃል የለም፤ ውሉን ገልጠን ስናነብ ደግሞ "ኢፒደሚክ" እና "ፓንደሚክ"፣ ማለትም ወረርሽኝና ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ፣ ከማይሸፈኑት ነገሮች መሀል ተቀምጠዋል። ቲኬቱን ለማዛወር ከፈለ፣ ሌላ ኢንሹራንስ ገዛ፣ አዲስ አበባ አልጋ ይዞ ቀን ሲቆጥር ሰነበተ።

ይህን የምጽፈው እንደሱ እንዳትጉላሉ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ መመለስ ያለባችሁ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ "ያስገባኛል ወይ?" ነው። ሌላው "ብታመም ይከፍልልኛል ወይ?" ነው። ብዙ ሰው አንዱን መልሶ ሁለቱንም የመለሰ ይመስለዋል። አንዳንዱ ወረቀት ኤምባሲውን ያስደስትና ሆስፒታል በር ላይ ሲደርስ ባዶ ይሆናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ደህና ውል ሆኖ ሳለ አንዲት መስመር ስላልተጻፈችበት ብቻ ከአየር ማረፊያ ያስመልሳል። ሁለቱንም የሚያሟላ ማግኘት ይቻላል። ግን ከመክፈል በፊት ማንበብ ይፈልጋል።

"ኮቪድ እኮ አልፏል" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው፤ አብዛኞቹ አገሮችም የመግቢያ ግዴታቸውን አንስተዋል። ነገር ግን የሸንገን አገሮች፣ ማለትም እንደ ጀርመን ያሉት በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ኮቪድ ከመምጣቱ በፊትም ኢንሹራንስ ይጠይቁ ነበር፣ ዛሬም ይጠይቃሉ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ ግዴታ አድርጋለች። አዲስ ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ ሕጉ በአንድ ሌሊት ነው የሚመለሰው፤ ያኔ ወረቀት ማንበብ ለመማር ጊዜ አይኖርም።

ምሳሌ እንዲሆነን አክስቴን ልያዝ። እታባ ነው የምንላት። ልጇ ጀርመን አገር ወለደችና ለመታረስ እናቷን ጠራቻት። እታባ ከ70 ዓመት አልፏታል፣ ደም ግፊት አለባት፣ የምትቆየው ሁለት ወር ነው። ወረቀቷን የጨረስነው እኔና እሷ ፒያሳ ካለች አንዲት የኅትመት ቤት እየተመላለስን ነው።

መጀመሪያ፦ ሕጉን ከምንጩ አውጡ

ኢንሹራንስ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት የምትሄዱበት አገር ምን እንደሚጠይቅ እወቁ። ከማን? ከአገሩ ኤምባሲ ድረ ገጽ፣ ወይም ከአገሩ የኢሚግሬሽን ወይም የጤና ሚኒስቴር ገጽ። ከቴሌግራም ግሩፕ አይደለም፣ ባለፈው ዓመት ከሄደ ጎረቤትም አይደለም። ጎረቤታችሁ ሊዋሽ ፈልጎ ሳይሆን ሕጉ ስለሚቀያየር ነው። ያችው ታይላንድ እስከ ኦክቶበር 2021 መጨረሻ 100,000 ዶላር ትጠይቅ ነበር፤ በኖቬምበር 50,000 አደረገችው፤ በማርች 2022 ወደ 20,000፣ በሜይ ወደ 10,000 አወረደችው፤ በጁላይ 1 ጭራሽ ተወችው። ይህ ሁሉ የሆነው በዘጠኝ ወር ውስጥ ነው። በጥቅምት የሄደ ሰው የሰጣችሁ ምክር በግንቦት ለምትሄዱት ለእናንተ አይሠራም።

ገጹን ስታገኙ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት ወይም አሳትሙት። ከዚያ እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ፈልጉ። ዝቅተኛው የገንዘብ መጠን ስንት ነው፣ በየትኛው ገንዘብ ነው? በሽታው በስሙ እንዲጠራ ይፈልጋሉ ወይስ "ሕክምና" ማለት ይበቃል? የለይቶ ማቆያ ወጪ፣ ማለትም የሆቴሉ፣ ለብቻው እንዲሸፈን ይጠይቃሉ? ኮስታ ሪካ በወረርሽኙ ጊዜ ለሕክምና 50,000 ዶላር፣ ለመኝታ ደግሞ ለብቻው 2,000 ዶላር ትጠይቅ ነበር፤ ሕክምናው 200,000 የሆነ ሰው እንኳ የመኝታዋ መስመር ከሌለችው አያልፍም። ሽፋኑ ከመቼ እስከ መቼ መሆን አለበት፣ የመጨረሻ ቀኑን ያልፋል ወይ? ወረቀቱ በየትኛው ቋንቋ ይሁን? የሚቀበሏቸው ኩባንያዎች ዝርዝር አለ ወይ?

ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትዘሏት። ዛንዚባር የምትቀበለው የራሷን ኢንሹራንስ ነው፤ 44 ዶላር ተከፍሎ በኢንተርኔት ይገዛል፤ ከአዲስ አበባ የገዛችሁት የፈለገውን ያህል ቢሸፍን እሱን አይተካም። የሸንገን አገሮች ደግሞ በሕጋቸው ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይላሉ፤ በሁሉም የሸንገን አገር የሚሠራ፣ ቆይታውን በሙሉ የሚይዝ፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚሸፍን መሆን አለበት።

ትራንዚት የምታደርጉበትን አገርም እዩ። ከአየር ማረፊያው የማትወጡ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይመለከታችሁም፤ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ እንደገና የምታስገቡ ከሆነ ግን ወደዚያ አገር ገባችሁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ቦሌ ላይ ቼክ ኢን የሚያደርጋችሁ ሠራተኛ ኤምባሲው የነገራችሁን አያውቅም። የሚያየው ታይማቲክ የሚባል አየር መንገዶች የሚጠቀሙበት የመግቢያ ሕጎች ማከማቻ ነው። እዚያ ላይ ኢንሹራንስ ይጠየቃል ተብሎ ከተጻፈ ወረቀቱን ሳያይ አያሳፍራችሁም፤ ወረቀት ያልተሟላ ሰው አሳፍሮ ከወሰደ አየር መንገዱ ስለሚቀጣና ሰውየውንም በራሱ ወጪ ስለሚመልስ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን በፊት አየር መንገዱ ቢሮ ደውላችሁ "ለዚህ አገር አሁን ምን ወረቀት ነው የምትጠይቁት?" በሏቸው።

እኛ ጎንደሮች ይህን ደረጃ የምንዘልበት ምክንያት የለንም። ኤምባሲው አዲስ አበባ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ጎዶሎ ወረቀት ምክንያት ሁለት ጊዜ መመላለስ ከኢንሹራንሱ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ሁለተኛ፦ የራሳችሁን ዝርዝር በወረቀት ጻፉ

ቢሮ ስትሄዱ ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ ስማችሁን በቃል አትንገሩ። የአባትና የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደሉ ሳይዛባ መጻፍ አለበት። "ገብረ" በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። በአንድ ፊደል ልዩነት የተመለሰ ወረቀት አይቻለሁ።

ከዚያ የቀን ነገር። እታባ "መቼ ተወለድሽ?" ስትባል "በጥር 1946" ነው የምትለው። ፓስፖርቷ 1954 ይላል። ቢሮ የሚቀመጠው ልጅ ቸኩሎ የሰማውን ቢጽፍ ኖሮ ሽማግሌዋ ስምንት ዓመት ተጨምሮባት 79 ዓመቷ ይሆን ነበር፤ ዋጋውም በዕድሜ ነው የሚወጣው። የጉዞ ቀኑም እንዲሁ ነው፤ "መስከረም 1" ብላችሁ ስታስቡ ሰውየው "ሴፕቴምበር 1" ቢጽፍ አሥር ቀን ተዛባ። ሁሉንም ቀን ቲኬቱ ላይ እንዳለው በፈረንጅ ጻፉ።

ሰዓቱም ያሳስታል። ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ የሌሊት ናቸው። እኛ "እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል" የምንለው በቲኬቱ 00:30 ነው፤ ቀኑም ሰኞ ነው። ሲመለሱም እንደዚያው። ሽፋኑን ከመነሻው አንድ ቀን አስቀድማችሁ አስጀምሩ፤ ከመመለሻው በኋላም ጥቂት ቀን ጨምሩበት። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ በረራ ሲሰረዝ፣ ወይም እዚያው ታማችሁ ስትቆዩ፣ ያቺ ጭማሪ ናት የምታድናችሁ።

ሕመማችሁንም ጻፉ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ እርግዝና። የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ጨምሩ። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

ከማን ይገዛ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ከአገር ውስጥ ኩባንያ መግዛት ለአብዛኞቻችን ይቀላል። በብር ትከፍላላችሁ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ታገኛላችሁ፣ ስሕተት ካለ ተመልሳችሁ ታስተካክላላችሁ። የመንግሥቱም የግሎቹም ኢንሹራንሶች ቁጥጥር ያለው በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው፤ አቤቱታ ቢኖራችሁ መሄጃው እሱ ነው። ጎንደር ያለው ቅርንጫፍ የጉዞ ኢንሹራንሱን ራሱ ያወጣ እንደሆነ ወይም ከዋናው መሥሪያ ቤት አስልኮ የሚጠብቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል የኤምባሲ ቀጠሯችሁን ያበላሻል።

የአገር ውስጡ ኩባንያ ውሉን ይሸጥና ውጭ አገር ስልክ የሚያነሳው፣ ከሆስፒታሉ ጋር የሚነጋገረው ብዙ ጊዜ ሌላ የውጭ ድርጅት ነው። የዚያን ድርጅት ስምና የ24 ሰዓት ስልክ ጠይቁ። ስሙን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ እኔ ብሆን አልገዛም።

ውጭ ያለ ልጅ ወይም ወንድም በካርዱ ከውጭ ኩባንያ ሊገዛላችሁ ይችላል። ጥሩ ነው። ግን ኩባንያው ኢትዮጵያ ነዋሪ ለሆነ ሰው ይሸጣል ወይ? አንዳንዱ ውል የሚሠራው እዚያው አገር ለሚኖር ሰው ብቻ ነው። ልጁ በራሱ አድራሻ ቢገዛላችሁ ወረቀቱ ያምራል፣ ሲከፈል ግን "ነዋሪ አይደሉም" ይባላል።

ከቲኬት ጋር በነጻ የሚመጣም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ለዓለም አቀፍ መንገደኞቹ ሼባ ኮምፎርት ብሎ የኮቪድ ሽፋን ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በረከት ነው። ነገር ግን ወረርሽኙን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ እግራችሁ ቢሰበር አይሠራም፤ ስለዚህ ኤምባሲው እሱን ብቻውን ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ።

ውሉን ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ኩባንያው መጀመሪያ የሚያሳያችሁ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። ትልልቅ ቁጥር አለበት፣ ዓይን ይስባል። እሱን ወደ ጎን አድርጋችሁ "ሙሉ ውሉን ስጡኝ" በሉ። አሥራ አምስት ሃያ ገጽ ይሆናል፣ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ከጎናችሁ አስቀምጡና ኤክስክሉዥን ከሚለው ክፍል ጀምሩ። የማይሸፈኑት ነገሮች የተዘረዘሩት እዚያ ነው።

እዚያ ውስጥ ኢፒደሚክ፣ ፓንደሚክ ወይም ኢንፌክሺየስ ዲዚዝ (ተላላፊ በሽታ) የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ብዙ የጉዞ ውሎች ወረርሽኝን በጥቅሉ ያስወጣሉ፤ ምክንያቱም ኢንሹራንስ የሚሠራው ጥቂት ሰው ሲታመም ብዙ ሰው ሳይታመም ሲቀር ነው፤ ወረርሽኝ ግን ሁሉን ባንዴ ይመታል። ካስወጡት በኋላ በሌላ ገጽ ላይ ኮቪድን በስሙ መልሰው ሊያስገቡት ይችላሉ። ያ ከሆነ ለኮቪድ ደህና ነው። አዲስ ስም ላለው በሽታ ግን አሁንም ባዶ ነው። ስለዚህ የሚሻለው ወረርሽኝን ጨርሶ ያላስወጣው ውል ነው፤ ካልተገኘ ደግሞ አገሩ የሚጠይቀው በሽታ በስሙ የተጠራበት።

የሁለቱ ጥያቄ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሸንገን ሕግ የትኛውንም ወረርሽኝ በስሙ አይጠራም። 30,000 ዩሮ የሚል፣ ወረርሽኝን ግን ያስወጣ ውል ይዛችሁ ቪዛው ሊመታላችሁ ይችላል። ገባችሁ ማለት ነው። ፍራንክፈርት ላይ ብትታመሙስ? ሒሳቡ የናንተ ነው። ለእታባ መጀመሪያ የቀረበላት ውል ልክ እንዲህ ያለ ነበር፤ ዋጋው ርካሽ፣ ወረቀቱ ለኤምባሲ የሚበቃ። መልሰነው ሌላ ጠየቅን።

ቀጥሎ ጣሪያውን እዩ። ሠንጠረዡ አናት ላይ 50,000 ይልና ከሥሩ ደግሞ "ለኮቪድ እስከ 10,000" የምትል ትንሽ መስመር ትኖራለች። አገሩ ለኮቪድ ብቻ የተለየ መጠን ከጠየቀ የሚቆጠረው ትንሿ ቁጥር ናት። ሲንጋፖር ለኮቪድ ሕክምና ብቻ 30,000 የሲንጋፖር ዶላር ትጠይቅ ነበር፤ አጠቃላዩ ስንት እንደሆነ ጉዳይዋ አልነበረም።

"ሜዲካሊ ኔሰሰሪ" የሚል ቃል ካያችሁ ቁሙ። ሐኪም ለጤናችሁ ያስፈልጋል ያለውን ብቻ እንከፍላለን ማለት ነው። ታዲያ ምርመራው ፖዘቲቭ ሆኖ ምንም የማያማችሁ ከሆነስ? በ2022 መግቢያ ታይላንድ ውስጥ ብዙ መንገደኞች ላይ የደረሰው ይህ ነው። የአገሩ ሕግ ለይቶ ማቆያ ግቡ ይላቸዋል፣ ኢንሹራንሱ ግን ሳትታመሙ ለተኛችሁበት አልከፍልም ይላል። መሀል ላይ ሰውየው ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ "ምልክት ሳይኖረኝ በመንግሥት ትእዛዝ ለይቶ ማቆያ ብገባ ትከፍላላችሁ?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። በቃል የተመለሰ መልስ አያዋጣም። በጽሑፍ ያዙት።

ለይቶ ማቆያ ሲሸፈንም በቀን ስንት፣ ለስንት ቀን የሚል ወሰን አለው። የምትሄዱበት ከተማ የሆቴል ዋጋ ጋር አስተያዩት። አብሯችሁ የሚሄድ ልጅ ካለ፣ አንዳችሁ ስትያዙ ሌላኛችሁ የምትቆዩበት ወጪም ይሸፈን እንደሆነ ተመልከቱ። የሽፋኑ ቀን ሲያልቅ ገና ሆስፒታል ውስጥ ብትሆኑ ውሉ በራሱ ይራዘማል ወይ?

ጉዞ መሰረዝ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው አገር ስለሱ አይጠይቃችሁም፣ ግን የኪሳችሁ ጉዳይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ብትያዙ የቲኬቱ ገንዘብ ይመለሳል ወይ? ልብ በሉ፣ ወረርሽኙ በይፋ ከታወጀ በኋላ የተገዛ ውል ያንን ወረርሽኝ "አስቀድሞ የታወቀ ነገር" ብሎ ከስረዛ ሽፋን ሊያስወጣው ይችላል። መንግሥት "ወደዚያ አትሂዱ" ካለ በኋላ ብትሄዱም ብዙ ውል ይፈርሳል። አገሩ ድንበሩን ስለዘጋ ብቻ መቅረትን ደግሞ የሚሸፍን ብዙም አይገኝም፤ ለሱ የሚሻለው ቀኑ የሚቀየር ቲኬት መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ ልመለስ። "ፕሪ ኤግዚስቲንግ" ይሉታል፣ ከመግዛታችሁ በፊት የነበረባችሁን ሕመም ማለት ነው። ብዙ ሰው ዋጋ እንዳይጨምርበት ይደብቃል። እታባም "የግፊቱን ነገር ባናነሳው ምን አለበት ልጄ?" ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። የንግድ ሕጋችን መድን የሚገባው ሰው የሚያውቀውን በእውነት እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ደብቆ የተገኘ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ያ ማለት በግፊቷ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ባዶ እጇን ልትቀር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከምትከታተልበት ክፍል የሐኪም ደብዳቤ አወጣን፤ ግፊቷ በመድኃኒት የተረጋጋ መሆኑን ይላል። ዋጋው ትንሽ ጨመረ፣ እሷ ግን ተረጋግታ ሄደች።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ውል ከ65 በኋላ ሽፋኑን ይቀንሳል ወይም ዋጋውን ያባዛል፤ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ጨርሶ የማይሸጥም አለ። ለወላጅ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፤ አለበለዚያ ሁሉን አንብባችሁ መጨረሻ ላይ "አንሸጥም" ትባላላችሁ።

ተቀናሽ የሚባለውንም አትለፉት። "ኤክሰስ 100 ዩሮ" ካለ ከእያንዳንዱ ሒሳብ የመጀመሪያው 100 ዩሮ የናንተ ነው። ለቪዛ የሚሆን ከሆነ ዜሮ ተቀናሽ ያለውን ምረጡ፤ ክርክር የለውም።

ስለ ሞት ማንሳት ያስከፋል፣ ግን አነሳዋለሁ። ሰው ባሕር ማዶ ቢያርፍ ሬሳውን ወደ አገሩ ማምጣት እጅግ ውድ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ሰው በወገኑ መሀል መቀበሩ ትልቅ ነገር ነው። ቤተሰብ፣ ዕድርተኛ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ገንዘብ ሲያዋጣ አይተናል። ውሉ ውስጥ ሬሳ የመመለሻ ሽፋን ስንት እንደሆነ፣ በወረርሽኝ ምክንያት ለሞተ ሰውም ይሠራ እንደሆነ እዩ።

የምስክር ወረቀቱ

ውሉ ጥሩ ከሆነ ቀጣዩ ሥራ ኤምባሲውና አየር ማረፊያው የሚያዩትን አንድ ገጽ ማስተካከል ነው። ሃያ ገጽ የሚያነብላችሁ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ ያቺ አንድ ገጽ ሁሉን መናገር አለባት፦ ሙሉ ስም እንደ ፓስፖርቱ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ ሽፋኑ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሚሠራበት አገር፣ የገንዘቡ መጠን አገሩ በጠየቀው ገንዘብ፣ የ24 ሰዓት ስልክ፣ ፊርማና ማኅተም።

አገሩ በሽታውን በስሙ ከጠየቀ ደግሞ "ኮቪድ 19ን ጨምሮ" የምትል ዓረፍተ ነገር እዚያው ገጽ ላይ ትጻፍ። "ውሉ ውስጥ አለ እኮ" ይሏችኋል። ውሉ ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ ወረቀቱ ላይ ትታይ። ጓደኛዬ ሁለተኛውን ሲገዛ ኩባንያውን የለመነው ይችን አንድ መስመር ነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

የሚሠራበት አገር ላይ "ወርልድዋይድ" ካለ አሜሪካንና ካናዳን አስወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ጠጋ ብላችሁ እዩ። ለሸንገን ከሆነ "ሁሉም የሸንገን አገሮች" ይበል፤ "ጀርመን" ብቻ ከሆነ አይበቃም።

ይህን ገጽ ከመቀበላችሁ በፊት መጀመሪያ ካሳተማችሁት የአገሩ ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጡና መስመር በመስመር ምልክት እያደረጋችሁ አመሳክሩ። ከቢሮው ሳትወጡ። እኔና እታባ ይህን ስናደርግ የፓስፖርት ቁጥሯ አንድ አኃዝ ተሳስቶ አገኘነው፤ እዚያው አስተካከሉልን።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቤ ይመለሳል ወይ? ብዙዎቹ የእምቢታውን ደብዳቤና ዋናውን ወረቀት ስትመልሱ፣ ሽፋኑ ሳይጀምር ከሆነ፣ የአገልግሎት ቆርጠው ይመልሳሉ። የጊዜ ገደቡን ጠይቁና ደረሰኙን አስቀምጡ።

አንድ ነገር እንዳታደባልቁ። ኢንሹራንስ የክትባት ካርድን አይተካም። የቢጫ ወባ ካርድ የሚጠይቅ አገር ኢንሹራንሳችሁ የሚሊዮን ቢሆንም ካርዱን ይፈልጋል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ የድሮ ካርዳችሁን አትጣሉ። ለሐጅ የምትሄዱ የማጅራት ገትሩን ክትባት ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፤ እሱም ቢያንስ 10 ቀን ይፈልጋል።

ከተነሳችሁ በኋላ

ወረቀቱን በሦስት ቦታ ያዙት። አንዱን ታትሞ በእጅ ቦርሳ፤ ሻንጣ ውስጥ አይሁን፣ ከአዘዞ አየር ማረፊያ ሲነሳ የተጫነ ሻንጣ ቦሌ ላይ ስትጠየቁ እጃችሁ ላይ አይኖርም። አንዱን በስልካችሁ ፎቶ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ። አንዱን ቤት ለሚቀር ሰው።

እዚያ ብትታመሙ ነፍስ የሚያሰጋ ካልሆነ በስተቀር ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት በ24 ሰዓቱ ስልክ ደውሉ። አስቀድሞ ያልተነገረውን ሒሳብ የማይከፍል ውል አለ፤ ደግሞም ሆስፒታሉን መርጠው በቀጥታ እንዲከፍሉ የምታደርጉት በዚሁ ነው። የፋይል ቁጥር ይሰጧችኋል፤ ጻፉት። ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ሂዱ፣ ስልኩን ዘመድ ይደውል።

ከዚያ ወረቀት ሰብስቡ። የምርመራው ውጤት ቀንና ስም ያለበት፣ የሐኪሙ ሪፖርት፣ ለይቶ ማቆያ ግቡ ያላችሁ የመንግሥት ትእዛዝ፣ የሆቴሉ ደረሰኝ፣ የመድኃኒቱ ደረሰኝ፣ የተቀየረው ቲኬት። ትእዛዙን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እሱ ከሌለ ሆቴሉን በፈቃዳችሁ የያዛችሁት ይመስላል። ካሳ የመጠየቂያ ቀነ ገደቡን ውሉ ላይ አስምሩበት፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ሳይሆን እዚያው ሆናችሁ አሳውቁ።

እታባ ጽሑፍ ማንበብ ይከብዳታል። ስለዚህ የስልክ ቁጥሩን በትልልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ የውሉን (የፖሊሲ) ቁጥርና የመድኃኒቷን ስም ጨምሬ፣ ከፓስፖርቷ ጋር ባንድ ላስቲክ ከረጢት ከተትኩላት፤ ያንኑ ለልጇም ላክሁላት። ፍራንክፈርት ላይ የጠየቃት መኮንን ያቺን አንድ ገጽ አይቶ አሳለፋት።